ተዝካሩ የተበላ መንገደኛ

እንዴት ዋልሽ ኩብራ? እስቲ ወዲህ ጠጋ በይና ይህን የውሃ ስልቻ ከወዲያ ጫፉ ያዥልኝ። ስፌቱ እዚህ ጋ ላልቶ ኖሮ ትናንት ብሞላው ሲያንጠባጥብ አደረ። ወስፌሽ ግን ጎበዝ ነው፤ እኛ ደጋ እንዲህ ያለ ሹል ብረት የለንም። ፍየሎቹ ገቡ? ያቺ ቀንደ ሰባራዋስ ወለደች? እሰይ! መንታ? እሰይ፣ እሰይ! ቆላ ደግ አገር ነው። እኛ አንኮበር ገብስ እስኪደርስ ሰው ያረጃል። እናንተ አልዩ አምባ ግን ዘወር ብለው ሲመለሱ ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ ይጠብቃል። ሁሉ ነገር ይፈጥናል... ከእንግዳ በቀር።

ቆይ፣ ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ከዚህ ከሸንበቆው ግርዶሽ ማዶ ታማሚ ተኝተውብናል። ይሰሙን ይሆን? ኧረ አይሰሙም። የእግዚአብሔር ሰው እንቅልፉ ጥልቅ ነው። ቢሰሙስ ምን አለበት? እኔ የሰው ክፉ አላወራም፤ የገና ጾም ነው፣ አፌም ጦሟል። ደጉን ብቻ ነው የማወራው። አንቺ ግን አትሳቂ፤ አንቺ ስትስቂ እኔ ያማሁ ይመስላል።

ሁለት ወር ተኩል እኮ ሆነን ኩብራዬ! ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ስምንት መንገደኛ ከአንኮበር ወርደን ቤትሽን ሞልተን፣ የራሳችንን ስንቅ ጨርሰን የአንቺን ትዕግሥት ስንበላ። ባልሽ ረሺድ አንድ ቀን ፊቱን አላጠቆረብንም። ይባስ ብሎ ታጁራ ወደብ ወዳለው የንግድ ሽርካው ልኮ በመርከብ ላይ የስምንት ሰው ቦታ አስያዘልን። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እያልን ስንስቅበት እንኖራለን... ጅብ ምን በደለ? ቢያንስ ሄዷል!

ያን ጊዜ ስለ ወረቀቱ ጠይቀሽኝ ነበር፣ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኢየሩሳሌም ለመሳለም የሚወጣ ሰው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ካልያዘ ኬላው አያሳልፈውም። ግቢው ወደ እንጦጦ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ማኅተም ፍለጋው የአራት ቀን መንገድ ሆኗል። እኛ ሰባታችን ሽማግሌና መበለት ነን፣ ማን ይሂድ? እኚህ የተኙት መሪያችን ሄዱ። ልክ ነው፣ እውነት መናገር አለብኝ፣ ሄዱ። ስድስት ወር ደጅ ጠኑ። ደጅ መጥናት ቀላል መሰለሽ? ሥራው መቆም ነው። አንድ ስፍራ ሳይነቃነቁ መቆም ከሆነ በሸዋ ምድር አቻ የላቸውም።

ደብዳቤውም ወጣላቸው። ስማቸው ጎልቶ ተጽፏል፤ ከሥሩ "ለተከታዮቹም ለሰባቱ ነፍስ መንገድ ይሰጣቸው" ይላል። የእኛ ስም የለም፣ ተከታይ ነን። ግድ የለም፣ ክብር ለሚገባው ክብር ነው። ግን እስቲ አንቺ የነጋዴ ሚስት ነሽና ንገሪኝ፤ መሪው ቁጭ ካለ ተከታዩ ምን ያደርጋል? ...ይቀመጣላ። ተቀምጠን ተቀምጠን ይኸው መደብሽ የእኛን መቀመጫ ቅርጽ ያዘ።

የመጀመሪያው ሲራራ በመስከረም መጨረሻ ሊነሣ፣ ግመሎቹ ተጭነው አልቀው ነበር። እሳቸው ከደጅ ወጡ፣ ሰማዩን አዩ፣ ተመልሰው ገቡ። "ወፏ በግራ አለፈች" አሉ። እኔ መሃይም ነኝ። ዳዊት የደገመ፣ ቅኔ የቆጠረ ሰው የወፍ መንገድ እንደሚጠብቅ አላውቅም ነበር። ወፏ ምን ታድርግ? እሷ እንኳ መንገዷን ሄዳለች።

ሁለተኛው በጥቅምት መጨረሻ ሲነሣ ደግሞ ግመሉን አዩት። ከዚያ በፊት አላዩትም እንዴ? አይተውታል፣ ግን በጀርባው እንደሚቀመጡ አላሰቡም። "ግመል በኦሪት ርኩስ ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ እኛ አንበላውም፤ አንቺም በዚህ ስንት ጊዜ ስቀሽብናል። አባ ወልደ ሰንበት፣ አብረውን ያሉት ቄስ፣ "ማን ይብሉት አለ? ይቀመጡበት ነው የተባለው" አሏቸው። የእኛ ሰው ግን ሐሳባቸው ጥልቅ ነው። "በአፍ ያልተፈቀደ በመቀመጫ ይፈቀዳል ወይ?" የሚል ጥያቄ በብራና ጽፈው አንኮበር ላሉት ሊቃውንት ላኩ። መልሱ እስኪመጣ ሲራራው ሄደ። መልሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? "እንግዲያው በእግርህ ሂድ።" አይ ሊቃውንት! ልብ የላቸውም።

ሦስተኛው በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ነበር። እሱ ደግሞ በባሕሩ ቀረ። ባሕሩ ከዚህ አርባ ቀን የሚያስኬድ አይደል? እሳቸው ግን አርቀው አሳቢ ናቸው። "መርከብ ላይ ብሞት ባሕር ውስጥ ይጥሉኛል፤ ዓሣ ይበላኛል፤ ያንን ዓሣ ሌላ ዓሣ ይበላዋል፤ በትንሣኤ ሙታን ቀን ከየትኛው ሆድ ልጠራ ነው?" አሉ። ሦስት ቀን እራት ሳይቀምሱ አሰቡት። ምሳውንስ? ...ምሳውን በልተዋል፤ ያለ ምሳ እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም። እኔ ቸኩዬ "እሱ ፈጣሪ ሰውዬውን ካላጣ ዓሣውን አያጣውም" ብል፣ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብለው ዝም አሰኙኝ። እሺ። የቸኮለችስ አፍሳ ለቀመች። ያልቸኮለው ምን ይፈሰዋል? የያዘው የለም።

አንቺ ደግሞ በልብሽ "ይህች አሮጊት ምን አስቸኮላት?" ትይኝ ይሆናል። አልነገርኩሽም እንጂ እህት አለችኝ። ባፈና ትባል ነበር፣ ዛሬ እማሆይ ናት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሄዳ እዚያው ኢየሩሳሌም ገዳም ገብታለች። አምና ከዚያ የተመለሱ መነኩሴ ቃሏን አመጡልኝ። "ከጎኔ የነበረችው እማሆይ ዐረፈች፣ መደቧን ለአንቺ ለምኜ አስጠብቄልሻለሁ። እስከ መጪው ትንሣኤ ካልደረስሽ ለሌላ ይሰጣል። ዓይኔም እየጨለመ ነው፣ መልክሽን ሳላይ አታስቀሪኝ" አለችኝ። ገዳሙ ጠባብ ነው ኩብራ። እዚያ መኖር የሚያምረው ብዙ ነው፤ አንዱ ሲሞት ነው አንዱ የሚገባው። የነገው ሲራራ ካመለጠኝ ሌላው የሚነሣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ያን ጊዜ መደቡ የሰው ነው፣ የእህቴም ዓይን የለም።

ልመለስ እንዳልል መሬቴን ለባሌ ወንድም ትቼ ወጣሁ። በልዋጩ ያገኘሁት ይህን ስንቅ ነው፤ በሶዬን፣ ቆሎዬንና ይህን የሚያፈስ ስልቻ። የገዛ ደጃፌን እንግዳ ሆኜ ላንኳኳ?

እውነቱን ልንገርሽ አይደል፤ እኔም እፈራለሁ። በረሃውንም፣ ባሕሩንም። ባሕር የሚሉትን አንድ ቀን አይቼ አላውቅም፤ ውሃ የማውቀው ምንጭ ነው፣ እሱም እስከ ቁርጭምጭሚት። ሰው "ፈራሁ" ቢል ምን ነውር አለው? ፈራሁ ያለን ሰው ማን ይስቅበታል? እሳቸውም አንድ ቀን "ወለተሐና፣ ፈራሁ" ቢሉኝ ኖሮ አብሬ አለቅስላቸው ነበር። ወይ ግራና ቀኝ ደግፈን እንወስዳቸዋለን፣ ወይ ደብዳቤውን ለእኛ ሰጥተው ተሳስመን እንለያያለን። ወፏን፣ ግመሉን፣ ዓሣውን... የእግዜርን ፍጥረት በየተራ ከሚከሱ!

ምን ተንቀሳቀሰ? ሰማሽ? ሸንበቆው ነው። ነፋስ ይሆናል።

ይልቅ ስለ ደግነታቸው ልንገርሽ። እናንተ ዘንድ ተዝካር የለም አይደል? እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት በአርባው ቀን ካህናትና ድኻ ጠርቶ ማብላት፣ ነፍሱን ማስፈታት አለ። ወራሽ ያልታመነ እንደሆነ ወይም ሰው ሩቅ አገር የሚሄድ እንደሆነ ደግሞ በቁሙ ያወጣዋል። ኢየሩሳሌም የሚሄድ ሁሉ ይመለስ አይመለስ አይታወቅማ! እሳቸው በግንቦት አወጡ። አቤት ተዝካር! ሁለት በሬ ወደቀ። አንኮበር እንዲህ ያለ ለቅሶ የሌለበት ሐዘን አይቶ አያውቅም። ፍትሐት ተደገመ፣ ስማቸው ከሙታን ጋር ተጠራ፣ እሳቸውም እዚያው አጠገባችን ተቀምጠው ሲሰሙ ነበር። ኋላም ወጡን ቀምሰው "ጨው አንሶታል" አሉ። በገዛ ተዝካሩ ጨው አነሰ ያለ ሟች እኔ ሌላ አላየሁም።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ በመንገድ ሲያገኛቸው ጉልበታቸውን ይስማል፣ "ከጌታ መቃብር ሲደርሱ ያስቡን" ይላል። ይህ ነገር ይጣፍጣል መሰለኝ። ደርሶ መመለስ አንድ ቀን ክብር ነው፤ "ሊሄዱ ነው" መባል ግን በየቀኑ ነው። ሞት ላይቀር ማንቋረር ይባላል፤ እሳቸው ማንቋረሩን አስቀድመው ሞቱን አስቀሩት። ይህ ጥበብ አይደለም? ቤታቸውንም ለወንድማቸው ልጅ በምስክር አውርሰዋል፤ ልጁም አጥሩን ነቅሎ በስሙ አጠረው።

አሁን ወደ ሕመማቸው ልምጣ። ረሺድ ከትናንት በስቲያ "የመጨረሻው ሲራራ ሐሙስ ማለዳ ይነሣል" ብሎ የለ? በዚያው ሰዓት ኮሶ ታያቸው። ኮሶ ታውቂያለሽ፣ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ሆዱን የሚያጥብበት ነው። ኮሶ ጠጥቷል የተባለን ሰው ጌታም ቢሆን አይጠራውም፣ ዳኛም አይቀጥረው። ወረቀት የማይጠይቅ ፈቃድ እሱ ብቻ ነው። እሳቸው ወር ሳይሞላ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። በጾም ሥጋ ከየት አገኙ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ የተማረ ሰው የሆዱ ትልም ሊቅ መሆን አለበት፣ ያለ ሥጋ ይኖራል።

እኔ ደግሞ አዛኝ ነኝ። "እርስዎ አይድከሙ፣ እኔ እወቅጥልዎታለሁ" አልኩ። "የለም፣ የለም፣ ለብቻዬ እጠጣዋለሁ" አሉ። ሰው ታሞ ለብቻው ይተዋል? ዛሬ ማለዳ ተነሣሁና በዚያ በአንቺው ሙቀጫ ወቀጥኩ። እጄ ከበደ መሰለኝ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሆነ። አባ ወልደ ሰንበት ባርከው ሰጧቸው፤ የተባረከ ደግሞ አይመለስም። አንድ ሙሉ ዋንጫ! እኔ ፊት ለፊት ቆሜ፣ እስከ አተላው። ፊታቸውን ባየሽ፣ አንቺም ክርስቲያን ሆነሽ ታለቅሽላቸው ነበር።

ደብዳቤው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። ከዳዊታቸው ጋር በአንድ ማኅደር ከትተው፣ ሲተኙም ሲነሡም ደረታቸው ላይ ነው። አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው ይባላል። እኔ ቀማሁ? ኧረ ስሜን አላጠፋም! ኮሶው ሲጣራ ጊዜ... ሰው ዳዊት አንግቶ ጫካ አይወርድም፣ ነውር ነው። እሳቸው ደግሞ ሕግ አዋቂ ናቸው። በአንድ እጃቸው ሱሪያቸውን ይዘው፣ በሌላው ማኅደሩን ከአንገታቸው አወለቁና "ወለተሐና፣ ያዢልኝ!" ብለው ሮጡ። በሁለት ወር ተኩል ውስጥ ሲሮጡ ያየኋቸው ዛሬ ነው። ደስ አለኝ። ለካ እግር አላቸው!

"ያዢልኝ" አሉ፣ ያዝኩ። ...እስከ ኬላው ድረስ ያዝኩ።

ሁላችንም ሄድን፣ ረሺድም መጣ። ዳዊቱን እንኳ አልነካሁም፤ ሲመለሱ ያነቡታል ብዬ ከራስጌያቸው አኑሬዋለሁ። ሹሙ ማኅተሙን ሲያይ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ተቀበለኝ። ጸሐፊው አነበበለት። "ስማቸው የተጻፈው ሰው የታሉ?" አለ። ምን ልበል? ጾም ነው አልኩሽ፣ ውሸት አይነገርም። "ጌታዬ" አልኩት፣ "ተዝካራቸው በግንቦት ወጥቷል። እኔም በልቻለሁ።"

ይህ ውሸት ነው? በየት በኩል ነው ውሸቱ? ኩብራ፣ በሳቅ አትንፈርፈሪ፣ ስልቻው ከእጅሽ ያመልጣል።

ሹሙ ራሱን ነቀነቀና "እግዜር ያጥናችሁ" አለ። ወደ አባ ወልደ ሰንበት ዞሮ "አባ፣ እርስዎ ያውቃሉ?" አላቸው። "ፍትሐቱን የደገምኩት እኔ ነኝ" አሉ። እውነት ነው፣ ደግመዋል። ዓይናቸው ደግሞ ቆላ ከወረዱ ወዲህ እንደምታይው ያነባል፤ ሹሙ እንባ ነው ብሎ አዘነላቸው። ባልሽ ረሺድ ወደ ግድግዳው ዞሮ ጢሙን ሲነክስ ነበር። ጸሐፊው ብዕሩን ነከረና ከማኅተሙ ሥር እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "መሪው ዐርፈዋል፤ መንገዱ ለተከታዮቻቸው ለሰባቱ ይጽና።" አንብብልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። ሲያምር!

ስምንተኛውስ፣ የእሳቸው ግመል አልሽኝ? ስንቃችንን እንጭንበታለን። በሶ ደግ ነው፣ ንጹሕ ነህ ርኩስ ነህ ብሎ አይጠይቅም። የመርከቡን ቦታ ደግሞ ረሺድ ታጁራ ለሚያገኘው ለአንድ ለተቸገረ መንገደኛ እሰጠዋለሁ ብሏል፤ ጽድቁ ለማን እንደሚሆን አንቺ ታውቂያለሽ።

እኔን አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ነገ ማለዳ ድንገት ሻል ብሏቸው "እኔም ልሂድ" ቢሉስ? ኬላው በምን ያሳልፋቸዋል? ሟች ናቸው እኮ፣ በማኅተም! ተነሣሁ ቢሉ ደግሞ... ይቅር ይበለኝ፣ እኛ ኢየሩሳሌም ድረስ የምንደክመው አንድ ባዶ መቃብር ለመሳለም ነው፤ እዚህ አልዩ አምባ ሁለተኛ ከተገኘ ማን በረሃ ያቋርጣል? አንኮበር እንዳይመለሱ ቤቱ የወራሽ ነው። በግንቦት ተዝካሩን ያበላ ሰው በታኅሣሥ መጥቶ "ቤቴን ልቀቅ" ቢለው፣ ልጁ ምን ያደርጋል? ጠበል ነው የሚረጨው።

ስለዚህ እህቴ፣ አደራ የምልሽ አለኝ። እንግዳ ተቀባይ ነሽ፣ ቤትሽም ሰፊ ነው። እዚሁ ይሁኑ። አያስቸግሩሽም፣ መቀመጥ ያውቁበታል። ማታ ማታ አጥሚት ስጪያቸው፣ ኮሶ አንጀት ይጎዳል። ወፍ ስታልፍ በየት በኩል እንዳለፈች ንገሪያቸው፣ ደስ ይላቸዋል። ግመል ከደጅ ሲያልፍ ግን ግርዶሹን ዝጊላቸው።

ይኸው፣ ስፌቱም አለቀ። እስቲ ንፊው... አያፈስም! እጅሽ ይባረክ ኩብራ። የሠራሽልንን ውለታ እህቴ ጎን ተቀምጬ እነግራታለሁ፤ ዓይኗ ባያይሽም ስምሽን ትወቀው።

እንግዲህ መርቄ ልነሣ፣ ገና ቆሎዬን አልቋጠርኩም። አንቺም በእናንተ ደንብ አሚን በይልኝ። አንቺን ልጅ በልጅ ያድርግሽ፣ ረሺድን መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። እኒያን ደግ ሰውም... አምላኬ ነፍሳቸውን ይማርልን። ከአብርሃም፣ ከይስሐቅ፣ ከያዕቆብ ጋር ያኑርልን። ከመቃብሩ ስንደርስ የመጀመሪያዋን ጧፍ በስማቸው አበራለሁ፣ በሙታኑ በኩል። ደግሞም ዕድሜያቸውን ያርዝመው፣ የሰማንያ ዓመት ጤና ይስጥልን፤ በደጅሽ ያለፈ መንገደኛ ሁሉ ቆም እያለ "ነፍስ ይማር" ሲላቸው፣ ከግርዶሹ ማዶ ሆነው በገዛ አፋቸው "አሜን" ይበሉ።